በነጠላ የተጠቀለለ ቆዳ

አልሠራሁም! ስንቴ ልናገር? በትንሣኤ ሳምንት ብረት አላነሣሁም። ቢላ አልያዝኩም፣ የቆዳ መፋቂያ አልነካሁም፣ ችካል አልመታሁም። እጄን ብቻ ነው ያስገባሁት። እጅ ደግሞ በበዓልም ያጎርሳል፣ ያጨበጭባል፣ ማን ከለከለው? «የማርያም ቆዳ የተበላሸው ያ ጉረኛ በበዓል ስለከፈተው ነው» እያላችሁ እስከ ላሊበላ ገበያ ያወራችሁ ሰዎች፣ ዛሬ ቁጭ በሉና ስሙኝ። ቆዳውን እኔ አልበላሁትም። ሰይጣንም አልበላውም። ቆዳው ራሱን ነው የበላው። ሳቁ፣ ሳቁ! ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ እኔን እወቁኝ። እንዳለ እባላለሁ። በላስታ ከኔ የፈጠነ ብራና ፋቂ አልነበረም፤ ከነበረም ተደብቆ ነው የፋቀው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። «ጢምህ ሳይሞላ የምን ጡረታ?» ትሉኛላችሁ። ሥራውን የተወ ሰው ጡረተኛ ነው፤ ጢሙን ማን ይቆጥራል? ትምህርቴን ከጠየቃችሁ፣ አራተኛ ክፍል በበሩ ገብቼ በመስኮቱ ወጥቻለሁ። ይቺን የምጽፍባትን ፊደል ያስያዘኝ ብራናው ነው።

ሥራ የጀመርኩት ሙጃ ከተማ ነው፣ ጋሽ ይመር የሚባሉ ቆዳ ነጋዴ ዘንድ። ደመወዜ ምሳ ነበረች፤ ምሳዋም እንደ ገበያው ነበረች። ጋሽ ይመር ከሥጋ ቤት የመጣ ቆዳ ጥግ ላይ ተጣጥፎ ካዩ ጥምጥማቸው እስኪፈታ ይጮሃሉ።

«አንተ ልጅ! ቆዳ እንግዳ ነው እንዴ የምታስቀምጠው? ዘርጋው፣ ጨው በትንበት! ወላሂ ቆዳ ከተቀመጠ ይከፋል!»

ለምን እንደሚከፋ አልነገሩኝም። እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ምሳ እንዳይቀርብኝ።

ከሙጃ ወደ ላሊበላ መጣሁና የኔታ ላቀው እጅ ገባሁ። የኔታ ብራናም ይፍቃሉ፣ ይጽፋሉም። እንደ ሌላው ሰው አይደሉም። ቆዳ ይዞ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ «እንደምን አደሩ የኔታ» ቢል መልስ የለም። መጀመሪያ የእጃቸውን አንጓ ከቆዳው ብብት ሥር ያስገቡና ዓይናቸውን ጨፍነው ሙቀቱን ይሰማሉ። ቀጥሎ ከሆዱ ላይ ጥቂት ጠጉር በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው ይስባሉ። ቀጥሎ ያሸታሉ። ሦስቱም ደኅና ከሆነ ያን ጊዜ ቀና ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርክ» ይላሉ። ሰላምታቸው ከቆዳው በኋላ ነው። ጠጉሩ ከተነቀለላቸው ሰውዬው ሰላምታም አያገኝ፣ ቆዳውን ይዞ ይመለስ።

ሥራው እንዲህ ነው። ቆዳው ፀሐይ ባልነካው የምንጭ ውኃ ይነከራል። ዳር ዳሩ ተበስቶ፣ በጠፍር ታስሮ፣ እንጨት ላይ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ከዚያ የሥጋው በኩል ይፋቃል፣ ከአንገት ወደ ጭራ። ዞር ይልና ጠጉሩ ይላጫል። በመጨረሻ በውኃና በሻካራ ድንጋይ ይታሻል። ለማውራት ቀላል ነው። ስትፍቀው ግን ድምፁ ይለዋወጣል፤ ወፍራም ሲሆን ይጎረብጣል፣ ሲሳሳ ያፏጫል። የኔታ ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብለው ዳዊት እየደገሙ፣ ጥቅሱን ሳያቋርጡ ማለት ይቻላል፣ «እንዳለ፣ ሳሳ፣ ተው!» ይሉኛል። አያዩኝም እኮ! በጆሯቸው ነው። አንድ ቀን «የኔታ፣ ጆሮዎን ያውሱኝ» አልኳቸው። «ያንተን መጀመሪያ አፍህ ይልቀቀው» አሉኝ።

ሌላው ደቀ መዝሙር ምስጋን ነበር። ምስጋን የሚናገረው ለጸሎትና ለጨው ብቻ ነው፤ ወጥ አልጫ ሲሆን ማለቴ ነው። የኔታ ከመምህራቸው የወረሱት መፋቂያ ነበራቸው፣ እጀታው ወይራ፣ በእጅ ብዛት የጠቆረ። ደንቡ፣ የአንድ ሙሉ መጽሐፍ ብራና ቀዳዳ ሳያወጣ ለጨረሰ ልጅ ይሰጣል። እኔ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር። የምስጋን ዓይን የት እንደነበር እንጃ፣ አይናገርም።

የማርያም ቆዳ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከኩልመስክ ወዲያ፣ ወደ ገደሉ ወረድ ብሎ፣ ሞቅ የሚል አገር አለ። የደብሩ ተአምረ ማርያም አርጅቶ ሲገልጡት እንደ ቂጣ ይሰበር ጀመር። ሕዝቡ መከረና «በፋሲካ የምናርደውን የፍየል ቆዳ ከየቤታችን ለእመቤታችን እንስጥ፣ የኔታ ላቀው ይሥሩልን» አለ። መንደሩ ሀብታም አይደለም። ፍየል የሚያርደው ለፋሲካ ነው፣ በቃ። ያ ቆዳ ከጠፋ እስከ መጪው ፋሲካ ሌላ የለም። የየኔታ አንዱ ዓይን ደግሞ ሞራ ለብሷል፤ ሌላኛው መጪውን ፋሲካ ስለማየቱ ዋስ አልነበረውም።

ሕዝቡ ስጦታውን አከበረው። ሴቶቹ ነጭ ነጠላ አጥበው አመጡ። ቆዳው ገና ከፍየሉ ላይ እንደተገፈፈ፣ ትኩሱን፣ አጥፈው በነጠላ ጠቀለሉት። ቁልፍ የሚይዙት ቄሰ ገበዙ እየተሳለሙ ተቀበሉ፣ እቃ ቤት ውስጥ አንዱን ባንዱ ላይ ደረደሩ፣ መስኮቱን ደፈኑ፣ በሩን ቆለፉ። እኛ ፋሲካን ላሊበላ ውለን ረቡዕ ደረስን። የኔታ ገና ከበቅሎ ሳይወርዱ፦

«ቆዳው የት ነው ያለ?»

«አብሽሩ የኔታ» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ «እንደ ሙሽራ ነው የያዝነው። ተጠቅልሎ እቃ ቤት ነው።»

የየኔታ ፊት ተለወጠ። «ይዘርጋ እንጂ አባ! ጥላ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ ይዘርጋ።»

«የእመቤታችን ስጦታ መሬት ላይ?»

«ድንጋይ ላይ ነው ያልኩ።»

«ድንጋዩስ መሬት ላይ አይደለም? ደግሞ በዓል ነው። እኛ ደብር እስከ ዳግም ትንሣኤ ሥራ አይነሣም። ይህ ለአንቱ ይነገራል?»

የኔታ እንግዳ ናቸው። በሰው ደብር አይሟገቱም። «ይሁን» አሉ፣ ወረዱ። ማታ ሲበሉ ግን አንጓቸውን በሌላ እጃቸው ሲያሹ አየኋቸው። ሙቀቱን ከዚያው ሆነው የሚሰሙት ይመስሉ ነበር።

በማግስቱ ድግሱ ደምቆ ሳለ ቄሰ ገበዙ ለጠላ ገንቦ አምጣ ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ገባሁ። ሽታው ገና ጨዋ ነበር፤ ክፉ አይደለም፣ ጣፈጥ የሚል ሽታ ነው። እጄን ከክምሩ መሐል አስገባሁ። የታቀፈች ዶሮ ሥር ያስገባሁ መሰለኝ! ከላይ ያሉት ግን ገና ቀዝቃዛ ነበሩ። ምን ላድርግ? ከላይ ያሉትን አወረድኩ፣ ነጠላቸውን ገፈፍኩ፣ ድንጋዩ ወለል ላይ ዘረጋኋቸው። በእጄ! ወደ መሐሉ ልቀጥል ስል በሩ ጨለመ። ቄሰ ገበዙ ናቸው።

«አንተ! ምን እየሠራህ ነው?»

«ኧረ አልሠራሁም አባ፣ እየዘረጋሁ ነው።»

«መዘርጋት ሥራ አይደለም?»

«አልጋ ሲያነጥፉ ሥራ ነው እንዴ? በዓል አልጋ ላይ አይተኙም?»

መቀለዴ ነበር። ጊዜው የቀልድ አልነበረም። በመቋሚያቸው እየገፉ አወጡኝ። ክምሩን እንደነበረ አስተካከሉ። የዘረጋኋቸውን ግን «የረከሰ ነው» ብለው በእጃቸው አልነኩም፤ ወለሉ ላይ ተዋቸው። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ዳግም ትንሣኤ አለፈ፣ ሰኞ በሩ ተከፈተ። ሕዝቡ ቆሞ ያያል። የኔታ የመጀመሪያውን ጥቅል ፈቱ። አንጓቸውን አላስገቡም፤ ሽታው ነግሯቸዋል። ጠጉሩን ቆንጠጥ ቢያደርጉት እንደ ተነከረ ዶሮ ላባ በእጃቸው ሙሉ መጣ። ከሥሩም ቆዳው ሙልጭልጭ ያለ፣ ንፍጥ የመሰለ። ሁለተኛውም እንዲያው። ሦስተኛውም። ምስጋን አንዱን ለመወጠር ሞከረ፤ ጠፍሩን ሳብ ሲያደርገው ጫፉ እንደ እርጥብ ወረቀት ተቀደደ። ደኅና ሆነው የተገኙት ወለሉ ላይ የነበሩት ብቻ ናቸው። እኔ የዘረጋኋቸው!

«ይኸው!» አልኩ፣ «አላልኳችሁም?»

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ቄሰ ገበዙ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«አያችሁ ምልክቱን? እመቤታችን እሱ በበዓል የነካውን ትታለት ሄደች፤ የሷን ግን ወሰደች። የረከሰው ቀረ፣ የተቀደሰው ሄደ።»

እንግዲህ ይህን ምን ብላችሁ ትመልሱታላችሁ? ያዳንኩት ቆዳ መስካሪ ሆነብኝ። ሰዉ አጉረመረመ። አንዲት እናት ነጠላዋን ከበሰበሰው ቆዳ ላይ እየላጠች ታለቅስ ነበር፤ እሷ ሰደበችኝ ማለት ይከብዳል፣ ግን ሰደበችኝ። ፍርዱም ተነገረ፦ ይህ ልጅ ከየኔታ ጋር ካለ፣ ለሚቀጥለው ፋሲካ አንድም ቤት ቆዳ አይሰጥም። ወይ እኔ፣ ወይ መጽሐፉ።

የኔታ «እንዳለ ወደመጣበት ይመለስ» ቢሉ ያልቅ ነበር። አላሉም። ያረጀ ቆዳ ላይ ቁጭ ብለው «ምክንያቱን ሳላውቅ ልጅ አላባርርም» አሉ። እዚያው መንደር ቆየን። ሰው ሰላምታ ከለከለኝ። እኔ ደግሞ ሰላም የሚነሳኝን ሰው እየተከተልኩ ሰላም እል ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ሥራ ፈትቻለሁ።

በዚያው ሰሞን ፍየል ልትከትብ ሐኪም ብርቱካን መጣች። የኮን ከተማ ልጅ ናት፣ የመንግሥት የእንስሳት ጤና ባለሙያ፤ የክትባት ሳጥኗን ከነበረዶው በትከሻዋ አንግባ ትዞራለች። የበሰበሰውን ቆዳ ገና ሳይቀበር አየችው። ጠጉሩን አሸት አደረገች፣ ከሥሩ አየችው።

«ማን ነው ያጠፈው?»

«ሁሉም» አልኩ፣ «እኔ ብቻ ነኝ የዘረጋሁት፣ ለዚህ ነው የተወገዝኩት።»

ቁጭ ብላ ለየኔታ ነገረቻቸው። እኔ የሰማሁትን በኔ አፍ ልንገራችሁ። ቆዳ ማለት በዓይን የማይታዩ፣ እልፍ አእላፍ ጎጆዎች ናቸው፤ ሴል ትላቸዋለች። ጎጆው የተሠራበት ነገር ፕሮቲን ይባላል፤ እንደ መቁጠሪያ ነው፣ እንክብል እንክብሉ በክር ተሰክቶ የተቆላለፈ። መቁጠሪያው ያረጃል፣ ይጣመማል። ስለዚህ በየጎጆው ውስጥ አንድ ከረጢት አለ፣ ከረጢቱም ቆራጮች ሞልተውበታል። ኢንዛይም ይባላሉ። ያረጀውን መቁጠሪያ ወደ ከረጢቱ ያስገቡታል፣ ቆራጮቹ ክሩን ይበጥሱታል። መጀመሪያ አጫጭር ቁራጭ ይሆናል፣ ፔፕታይድ ነው ስሙ፤ ቁራጩ ደግሞ ተፈትቶ እንክብል እንክብል ይሆናል። ጎጆው እንክብሉን ለቅሞ አዲስ መቁጠሪያ ይሰካበታል።

«እኛም ያረጀ ብራና ፍቀን እንደገና እንጽፍበታለን» አሉ የኔታ።

«እንዲያ ነው የኔታ። ሌላም አለ። ከከረጢቱ ውጭ እንደ በርሜል ያለ ቆራጭ አለ። አፉ ጠባብ ነው። ይቆረጥ ተብሎ ምልክት የተለጠፈበት ብቻ ይገባል፣ ሌላውን አይነካም።»

«ቄሰ ገበዝ አለው ማለት ነዋ» አልኩ። ቄሰ ገበዙ አጥር ሥር ሆነው ይሰሙ ነበር፤ ሳል አሉ።

«ሰው ሲጾምና ምግብ ሲያጣም» አለች ብርቱካን፣ «ሴሉ የራሱን አሮጌ እቃ ቆርጦ ይመገባል።»

«በሁዳዴ? የራሱን ሥጋ?» አልኩ። «የኔታ፣ ሁላችንም ጾም ገድፈናል!»

የኔታ ሳቁ። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ወዲያው ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ቆዳ እንደሚሰሙት። «ፍየሉ ከሞተ በኋላስ ልጄ?»

«ፍየሉ ሲሞት ሴሉ ወዲያው አይሞትም የኔታ። አየር ያጣል፣ ውስጡ ይኮመጥጣል፣ ከረጢቱ ይቀደዳል። ቆራጮቹ ይወጣሉ፤ ያረጀ፣ አዲስ ብሎ የሚያዝ የለም፣ ያገኙትን ይቆርጣሉ። ሙቀት ካገኙማ እንደ ሊጥ እርሾ ይፈጥናሉ። የጠጉሩ ሥር ለስላሳ ነው፣ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። ከውጭም ተሐዋስያን ይገባሉ፣ አይካድም፤ ግን በሩን ከውስጥ የሚከፍትላቸው ቆዳው ራሱ ነው። ብርድ ያዘገየዋል። ጨውና መድረቅም እንዲሁ። እኔ ክትባቱን በበረዶ የምዞረው ለምን ይመስልዎታል?»

ጋሽ ይመር ትዝ አሉኝ። ቆዳ ከተቀመጠ ይከፋል። ወላሂ ልክ ነበሩ።

ቄሰ ገበዙ ከአጥሩ ሥር ወጡ። ሞኝ ሰው አይደሉም። «የማይታይ ጎጆ፣ የማይታይ ቆራጭ» አሉ። «እኔም የማይታይ ነው የማምነው፣ ግን የኔ መጽሐፍ አለው። ያንቺን በምን ልይ?»

«በሌላ ቆዳ እንይ» አልኩ። ሐሳቡ የኔ ነው። ብርቱካን «የኔ ነው» ትላለች፤ ሴት ናት፣ እንተውላት። ማንም ያምጣው፣ ያሰካካችው ግን እሷ ናት፣ ይህን አልክድም።

አንድ ፍየል ከገደል ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ታረደ። ተራ ቀን ነው፣ በዓል የለም። የኔታ ቆዳውን ከጀርባው መሐል ለመሐል ሁለት ከፈሉት። ብርቱካን ወደ ቄሰ ገበዙ ዞረች።

«አባ፣ እንዳለ አይነካውም። የኔታም አይነኩትም። ሁለቱንም አንቱ ይያዙት። አንዱን እንደ በፊቱ አክብረው ይጠቅልሉት፣ ከሱፍ ልብስ መሐል ያስገቡት። ሌላውን ወለሉ ላይ ይዘርጉት። ቁልፉም ከአንቱ አይለይ።»

እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ሕዝብ መሐል ቆምኩ። ምስጋን አጠገቤ ነበር። «ብትታሰር ይሻልህ ነበር» አለኝ። ምስጋን መናገሩ ራሱ ተአምር ነው፣ ይጻፍልኝ።

እስኪከፈት ድረስ ቀልድ አልወጣኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቆዳው ሁለቱም ደኅና ቢሆን፣ ሁለቱም ቢበሰብስ፣ ያው አለቀልኝ ማለት ነው። መፋቂያው ቀርቶ የየኔታን በር አላይም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተከፈተ። ሕዝቡ ከነልጁ ግጥም ብሏል። ቄሰ ገበዙ የተዘረጋውን ግማሽ አነሡ፣ ጠጉሩን ጎተቱ። አልወጣም። ደገሙ። አልወጣም። ቀጥሎ ነጠላውን ፈቱ። ነጭ ነጠላ፣ የራሳቸው ነበር። አጠገቤ የነበሩት አፍንጫቸውን ያዙ። ጠጉሩን ሲነኩት ብቻውን እጃቸው ላይ ወደቀ።

ረጅም ጊዜ አዩት።  ከዚያ ሽታ የያዘውን ነጠላ አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱና፣ ለኔ ሳይሆን ለሕዝቡ፦

«በኔ እጅ ነው፣ በተራ ቀን ነው፣ ልጁ አልነካውም» አሉ። «አክብረን ነው የገደልነው።»

ያቺ እናት፣ የሰደበችኝ፣ «ታዲያ ማርያም አልተቆጣችም?» አለች።

«ፍየሉ ነው የተቆጣ» አልኳት። ሳቀች። እሷ ስትስቅ ሌላውም ሳቀ፣ ያን ጊዜ አፌ ተመለሰልኝ።

ቀሪው አጭር ነው። የመጪው ፋሲካ ቆዳ ከየቤቱ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ፣ ጨው ጠግቦ መጣ። ቄሰ ገበዙ ራሳቸው እየዞሩ «አትጠቅልሉት! ቆዳ እንግዳ አይደለም!» ይሉ ነበር፤ የጋሽ ይመርን ቃል ከኔ ነው የወሰዱት፣ ለማንም አልተናገሩም። የየኔታ ዓይንም እስከዚያ ጠበቀ። ብራናው ያለ ቀዳዳ አለቀ፤ የፋቅሁት እኔ ነኝ፣ ምስጋንም ነበር። የጻፉት የኔታ ናቸው፣ ዓይናቸው ሲደክም ምስጋን። ከዚያ በኋላ የኔታ መጻፍ ተዉ፣ ምስጋን ወንበሩን ያዘ። እኔን ብርቱካን ወሰደችኝ፤ ፍየል ይዞ የማይለቅ ሰው ትፈልግ ነበር። አሁን ኩልመስክ ነኝ፣ ፍየል አስከትባለሁ፣ የምሠራው በሕይወት ባለ ቆዳ ላይ ነው። ይሄኛው ይራገጣል፣ ግን አይሸትም።

አሁንም «ጉራ ነው» የምትሉ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ወደዚያች መንደር ውረዱ። ተአምረ ማርያም ሲነበብ ተጠግታችሁ ተመልከቱ፤ ከሌሎቹ ያጠረ አንድ የብራና ቅጠል አለ። የተዘረጋው ግማሽ ቆዳ ነው፤ የኔታ «እሱም ይግባ» ብለው አስገቡት። ዲያቆኑ እሱ ጋ ሲደርስ ጣቱ የገጹን ጫፍ ስለሚያጣው ትንሽ ያቆማል። ያን ጊዜ አጠገባችሁ የቆመውን ሰው፣ ማንንም ይሁን፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቁት፦ ይህን ለምን አሳጠሩት በሉት። ቀጥሎም ያን የወይራ እጀታ ያለውን መፋቂያ የኔታ በሕዝብ ፊት ለማን እንደሰጡ ጠይቁት። እኔ አልናገርም፤ እኔ ብናገር አታምኑም።